ሻኛ የሌለው ሻምፒዮን

እማዬ መጀመሪያ ያለችው «ሻኛው የት ሄደ?» ነው።

ጥር ላይ ነው፤ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ። ውጪው በረዶ ነው። እሷ በጋቢዋ ላይ የእኔን ጃኬት ደርባለች። ፊት ለፊታችን 600 ኪሎ የሚሆን ጥቁር ሰንጋ ቆሟል። አንዲት 15 ዓመት የሚሆናት ልጅ ጸጉሩን ፎን ታደርገዋለች። የሴቶች ጸጉር ቤት ፎን እንዳይመስላችሁ፤ ይሄኛው ሲነሳ አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማህም። እማዬ ዞር ብላ ጀርባውን አየች። ከማጅራቱ እስከ ጭራው ድረስ የተለሰነ መደብ ነው። «ቆርጠውበት ነው?» አለችኝ። ሲፈጠርም ሻኛ እንደሌለው፣ የፈረንጅ ከብት አብዛኛው እንዲህ እንደሆነ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ ምኑን አይተው ነው የሚሸልሙት?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ማታ ማታ በሥራ ሰዓት (አለቃዬ አማርኛ ስለማያነብ ነው የምጽፈው) መልሱን ስፈልግ ከረምኩ።

የደጀን ልጅ ነኝ፤ ምሥራቅ ጎጃም። እኛ ጋ በሬ ሁለት ዕድሜ አለው። መጀመሪያ ያርሳል። ስድስት ሰባት ዓመት ቀንበር ተሸክሞ ይኖርና ጉልበቱ መድከም ሲጀምር፣ ጥርሱ ሳያልቅ፣ አውድማው ከተነሳ በኋላ ይታሰራል። ከጥር እስከ ፋሲካ ቁጭ ብሎ ይቀለባል። ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ የሚነካ የለም። ፋሲካ ሲደርስ ግን አዲስ አበባ ሁሉም ቅርጫ ፈላጊ ነው። ነጋዴው ከደጀን ገበያ ይገዛል፣ በአይሱዙ ጭኖ አባይን ይሻገራል። የእኛ ዳለቻ በ1988 ዓ.ም. ፋሲካ በ1,350 ብር ተሸጠ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ በሬ አውርቶ አልጠገበም። የቤታችን ቆርቆሮ የዳለቻ ነው ይል ነበር።

ዴንቨር በመጣሁ በመጀመሪያው ጥር መሀል ከተማ ፓርኪንግ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን 17ኛው መንገድ ተዘጋ። ሰልፍ ይሆናል ብዬ ከኪዮስኳ አንገቴን ሳወጣ በሁለቱ ፎቆች መሀል ቀንድ መጣ። ሰው አይደለም፣ መኪና አይደለም፣ ቀንድ። የቴክሳስ ሎንግሆርን የሚሏቸው ናቸው። አንዱ ቀንድ ብቻውን ከአንድ ክንድ ይረዝማል። የራያ በሬ ጠፍቶ የመጣ መሰለኝ። ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። ተቆጣሁ፣ ማለቴ አለቃዬ ተቆጣኝ፤ ግን እኔ የሰማሁት የኮቴውን ድምፅ ነው።

ያ ሰልፍ የናሽናል ዌስተርን የከብት ትርዒት መክፈቻ ነው። ትርዒቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 በሰርከስ ድንኳን ውስጥ ነው። ዛሬ በየጥሩ 16 ቀን ይቆያል። ጥምቀት እዚያው መሀል ላይ ይውላል። ስለዚህ እኔ ዘንድ ጥር ማለት ጠዋት ታቦት፣ ከሰዓት ኮርማ ነው። ቦታው በከተማዋ ሰሜን፣ የድሮው ቄራና የከብት በረት የነበረበት ሰፈር ነው። እስከዛሬ «ካርሎድ» የሚሉት ውድድር አላቸው፤ አንድ የባቡር ፉርጎ ሙሉ ከብት ማለት ነበር። ዛሬ ፉርጎው የለም፣ ስሙ ግን አለ። አሥር ኮርማ በአንድ በረት ውስጥ ይቆምና አሥሩም አንድ እናት የወለደቻቸው እንዲመስሉ ይጠበቃል። ዳኛው የሚያየው አንዱን ኮርማ አይደለም፣ መመሳሰላቸውን ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሆቴሉ ነው። ብራውን ፓላስ የሚባል፣ በ1892 የተከፈተ፣ ቀይ ድንጋይ የለበሰ ባለ ሦስት ማዕዘን ሆቴል አለ። ከእኔ ፓርኪንግ ሩቅ አይደለም። የዓመቱ ሻምፒዮን ሰንጋ ወደዚያ ሆቴል ሎቢ ይገባል። ሰዎች ሻያቸውን በነጭ ሲኒ እየጠጡ ሰንጋው መሀላቸው ገለባ ላይ ይቆማል። ከ1945 ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ዓመት ዳን ቶርንተን የሚባል አርቢ ሁለት የሄርፎርድ ኮርማዎቹን እያንዳንዳቸውን በ50,000 ዶላር ሸጦ እዚያ ሎቢ አስገብቶ አሳያቸው። ሰውየው በኋላ የኮሎራዶ ገዢ ሆነ። ከዴንቨር በስተሰሜን ያለችው ቶርንተን ከተማ በእሱ ስም ነው የተሰየመችው። አንድ የሐረርጌ ወዳጄ እዚያ ቤት ገዝቷል። ይሄን ስነግረው ሳቀ። «አየህ፣ አንተም ብትሆን የኮርማ አገር ውስጥ ነው የምትኖረው» አልኩት። እሱ ግን ከሐረርጌ ሰንጋ ሌላ ሰንጋ አይቆጥርም። «እኛ ጋ ታስሮ፣ የማሽላ አገዳ በእጅ እየጎረሰ፣ የጫት ገረባ እየበላ ነው የሚያድገው። የእናንተ አርሶ አርሶ የደከመ ሽማግሌ ነው» ይለኛል። ደጀንን ሲሰድብ እንደ ዘበት ነው።

እንግዲህ ወደ እማዬ ጥያቄ።

ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ ነው። በ1700ዎቹ ሮበርት ቤክዌል የሚባል ገበሬ ነበር፣ ዲሽሊ በሚባል ቦታ። ከብቱ እንደ መጣለት ከሜዳ ተቀላቅሎ አይራባም፤ የሚፈልገውን መርጦ ከሚፈልገው ጋር ያገናኛል። ዘመድ ከዘመድ ቢሆንም ግድ የለውም። እንግዳ ሲመጣበት ከቤቱ አዳራሽ ውስጥ የድሮ ከብቶቹን አጽምና በጨው የቆየ ሥጋቸውን ያሳይ ነበር። የፊቱ አጥንት ወፍራም፣ የኋለኛው ቀጭን። «አየህ፣ አጥንቱ ቀጠነ፣ ሥጋው በዛ» ለማለት ነው።

ከእሱ የተማሩ ኮሊንግ የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ፣ በሰሜን እንግሊዝ ዱርሃም። ከእነሱ አንዱ ቻርለስ ያረባው በሬ በ1796 ተወለደ። ዱርሃም ኦክስ ይባላል። አምስት ዓመት ሲሞላው 1,370 ኪሎ ገደማ መዘነ። የእኛ የደጋ በሬ 300 ኪሎ ቢደርስ ነው፤ አራት ዳለቻ ተደምሮ ያንን አንድ በሬ አያህልም። በ1801 ጆን ዴይ የሚባል ሰው በ250 ፓውንድ ገዛው። ሁለት ወር ሳይሞላ 2,000 ፓውንድ ልስጥህ የሚል መጣ። እምቢ አለ። ለምን ይሸጣል? በሬውን በፈረስ በሚጎተት ሠረገላ ጭኖ ወደ ስድስት ዓመት ገደማ እንግሊዝንና ስኮትላንድን አዞረው። ሰው ለማየት ይከፍላል። ሥዕሉ ታትሞ በሺዎች ተሸጠ። መጠጥ ቤቶች በስሙ ተሰየሙ፤ ዛሬም አሉ። በሬው በ1807 ኦክስፎርድ ላይ ዳሌው ወለቀ። ለጥቂት ሳምንታት አቆይተው አረዱት።

በሬ አርሶ ሳይሆን ታይቶ ሲያበላ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ። አባቴ ቢሰማ «ሥራ ፈት» ይለው ነበር።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ስብ ነው። ያኔ መብራት የለም። ሻማው ከሞራ ነው የሚሠራው። ሞራ ማለት ጉልበት፣ ሞራ ማለት ብርሃን ነው። ለንደን ላይ የስሚዝፊልድ ማኅበር በ1799 የመጀመሪያውን የሰንጋ ትርዒት ሲያሳይ ሰው የሚያደንቀው ስብ ያጥለቀለቀውን ነበር። ሥዕሎቹን ፈልጋችሁ እዩአቸው። በሬው አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ ጭንቅላቱ የብርቱካን ያህል፣ እግሩ እንደ ክብሪት እንጨት። ሠዓሊዎቹ ባለቤቱ የፈለገውን ነው የሚስሉት። ቶማስ ቢዊክ የሚባል እንጨት ቀራጭ «የሌለውን ስብ ጨምርልኝ» ተብሎ እምቢ ማለቱን ራሱ ጽፎታል። የፌስቡክ ፊልተር ዛሬ የተጀመረ የሚመስለው ካለ ይኸው።

በ1810 ቻርለስ ኮሊንግ ከብቱን በጨረታ ሲሸጥ ኮሜት የሚባለው ኮርማ 1,000 ጊኒ ወጣ። ለአንድ ኮርማ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ገንዘብ ተሰጥቶ አያውቅም። የኮሜትን ዘር ስቆጥር ግን ራሴን ያዝኩ። አባቱ ፌቨሪት ነው። እናቱ የፌቨሪት ልጅ ናት። የእናቱ እናት ደግሞ የፌቨሪት እናት ናት። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እማዬ ይሄን ስነግራት አማተበች።

ቆይቶ የዚያ የዘመድ ጋብቻ ዕዳ ተከፈለ። ነገሩ የሆነው ግን እንግሊዝ ሳይሆን እዚሁ አሜሪካ ነው። ሄርፎርድ፣ አንገስ፣ ሾርትሆርን የሚባሉ የከብት ዘሮች ባሕር ተሻግረው መጡ። የአንገስ ኮርማ ካንሳስ የደረሰው በ1873 ነው፤ አራት ነበሩ። ከዚያ ቺካጎ በ1900 ትልቁን ዓለም አቀፍ ትርዒት ከፈተች። እዚያ ያሸነፈ ኮርማ ዘሩ በመላው አገር ይፈለጋል። ስለዚህ ዳኛው የወደደው ቅርጽ በጥቂት ዓመት ውስጥ የአገሩ ሁሉ ከብት ቅርጽ ይሆናል።

በ1940ዎቹ ዳኞች የወደዱት አጭርና ድፍን ከብት ነበር። እግሩ አጭር፣ ሆዱ ለመሬት የቀረበ፣ ቶሎ የሚወፍር። ፎቶዎቹን አይቻቸዋለሁ። ጎልማሳ ኮርማ ጀርባው የሰውየው ቀበቶ ላይ አይደርስም። ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ በየበረቱ ድንክ ጥጃ መወለድ ጀመረ። ግንባሩ ያበጠ፣ ሲተነፍስ የሚያንኮራፋ፣ ብዙውን ጊዜ የማያድግ። ምክንያቱ ድብቅ ባሕርይ ነበር፤ ከአባትም ከእናትም ሲገናኝ ብቻ ነው የሚወጣው። አንዱን ብቻ የተሸከመው ኮርማ ግን ትንሽ አጠር፣ ሞላ ያለ ይመስላል። ይኸውም ዳኛው የሚወደው ነው። ሰዎች ሽልማት ሲሰጡ ሳያውቁት በሽታውን እየመረጡ ነበር። በ1950ዎቹ ድንክ ወለደ የተባለ ዘር በሙሉ ዋጋው ወደቀ። ስንቱ አርቢ ንጹሕ ከብቱን በዘር መዝገብ ላይ ባለ ስም ብቻ ለቄራ ሰጠ።

ከዚያስ ተማሩ? ወደ ሌላው ጫፍ ሮጡ። ከአውሮፓ ሻሮሌ፣ ሲመንታል፣ ሊሙዚን መጡ። በ1969 ቺካጎ ላይ ኮኖኮ የሚባል የሻሮሌና የአንገስ ክልስ ሰንጋ ዋንጫውን ሲወስድ ንጹሕ ዘር አምላኪዎቹ ተናደዱ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ረጅም ፈለገ። በ1980ዎቹ ኮርማው እንደ ቀጭኔ ቆመ፤ ጓሮ ውስጥ አይወፍርም፣ ጥጃው ለእናቱ ምጥ ነው። ዛሬ መካከለኛውን ይወዳሉ። ነገን እንጃ።

የዴንቨሩን ቅሌት ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1972 ታላቁ ሻምፒዮን ቢግ ማክ የተባለ ጥቁር የአንገስ ሰንጋ ሆነ። በኋላ ሲጣራ ነጭ ሻሮሌ ኖሯል፤ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነው። ሽልማቱ ተነጠቀ። የእኛ አገር ደላላ የበሬውን ቀንድ ፍቆ ዕድሜ ይቀንስ ይሆናል፤ በሬ ሙሉ መቀባት ግን ሌላ ደረጃ ነው። ዛሬ ከጸጉሩ ዲ ኤን ኤ ይወስዳሉ።

እማዬ ይሄን ሁሉ አልሰማችም። እሷ ፎን የያዘችው ልጅ ጋ ቆማለች።

ልጅቷ ከዋዮሚንግ ነች። ሰንጋው ደግሞ የተገዛ አይደለም፣ የተያዘ ነው። ከ1935 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው። ልጆች ሜዳ ላይ ይለቀቃሉ፣ ጥጃ ይለቀቃል። ገመድ ይዞ ሮጦ ጥጃ የያዘ ልጅ ጥጃ ይሰጠዋል። ወስዶ ያሳድግና በሚቀጥለው ጥር መልሶ ያመጣዋል። ጥጃውን ለሰጠው ሰው በየወሩ ደብዳቤ ይጽፋል። ያበላውን፣ ያወጣውን ሁሉ በመዝገብ ይይዛል። የሚዳኘው ሰንጋው ብቻ አይደለም፣ ደብተሩም ጭምር ነው።

«ደብተር?» አለች እማዬ። «ለበሬ?»

ልጅቷ ደብተሯን አሳየቻት። እማዬ ማንበብ አትችልም። ግን ገጹን በጣቷ ወረደችበት። ይሄ ምንድነው ትለኛለች። የተፈጨ በቆሎ ነው። ይሄስ? ሞላሰስ። ይሄስ? ድርቆሽ። በቀን ስንቴ? ሁለቴ፤ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በጨለማ፣ ማታ ደግሞ ስትመለስ። ጨውስ? ትሰጠዋለች፣ የሚላስ ድንጋይ ነው። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። የፈተና ወረቀት የሚያርም አስተማሪ ነው የምትመስለው።

ከዚያ ሳንጠይቃት የራሷን ተናገረች። በሳምንት ሁለት ቁና ጓያ፣ ተከክቶ፣ አድሮ ውኃ የጠጣ። ፋጉሎ ከኑግ ዘይት ቤት። የባቄላ ገለባ። አሞሌ። አተላ በየቀኑ፤ አተላው እንዳይቋረጥ ጠላ ጠማቂ ጎረቤቶችን እየዞረች ትለምን ነበር። ሌሊት በሬው ሲቆም ከሰማች ተነስታ ገለባውን ታስተካክልለታለች፤ የቆመ በሬ አይወፍርም። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳለቻን የአባቴ በሬ አድርጌ ነው የማወራው። እዚህ ስንቱን ሰው ዘረዘርኩላችሁ፤ ቤክዌል፣ ኮሊንግ፣ ዴይ፣ ቶርንተን። በሬውን ማን እንዳበላው የተጻፈበት ቦታ አላገኘሁም።

«አባዬ እኮ እኔ ነኝ ያደለብኩት ይል ነበር» አልኳት።

«አባትህ ሸጠው» አለች። «ያደለብኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ ልጅቷን በዓይኗ ፈቃድ ጠየቀቻት። ልጅቷ ገባት። ገመዱን አጠር አድርጋ ያዘችላት፣ በረጅሟ ዘንግ ሆዱን ከሥሩ እያከከች አረጋጋችው። እማዬ የጭራውን ሥር በሁለት ጣቷ ያዘች። የደጀን ነጋዴ የሚይዘው ቦታ ነው። ጎድኑ ላይ ቆዳውን ቆነጠጠች። ለቀቀችው። እንደገና ቆነጠጠች። ሰንጋው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

«ደርሷል» አለች። «አንድ ሳምንት ቢቆይ ይበላሻል።»

ለልጅቷ ተረጎምኩላት። ልጅቷ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። አርብ ነው የሚሸጠው አለች። እማዬ ሳልተረጉምላት «መቼ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

እማዬ ዳለቻ የተሸጠ ቀን ገበያ አልወረደችም። ያንን ፋሲካ ዶሮ ነው የበላነው፤ እሱን አስታውሳለሁ። «በነጋታው ጠዋት» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ፣ በአማርኛ፣ እያየቻት፣ «አተላውን በገበቴ ይዤ ወጣሁ። ረስቼው። እዚያ ያለው ካስማው ብቻ ነበር።»

ልጅቷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አተላን በእንግሊዝኛ የምጠራበት አጣሁና የጠላ ዝቃጭ፣ የቤት ቢራ ምናምን እያልኩ ተንተባተብኩ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ፎኑን አንስታ የሰንጋውን አንገት እንደገና መንፋት ጀመረች። ደርቆ ነበር እኮ።